የአዴ ሌንሴ ከል

ባለፈው ሰሞን ነው። ሰማዩ እንደ ተቀደደ ስልቻ ያንዶለዱለዋል፣ እኔ ባጃጅ ውስጥ ተሸጉጫለሁ። ባጃጅ ለሦስት ተሳፋሪ ተሠራ ይላሉ፤ እኔን ከጠየቃችሁኝ ለአንድ ተኩል ሰውና ለአንድ ዶሮ ነው የተሠራው። ከጎኔ ተማሪ የምትመስል ልጅ በዝናብ የበሰበሰ ሹራብ ለብሳ ስልኳን ትጎረጉራለች። ድንገት ከሹራቧ አንድ ሽታ ተነሣና አፍንጫዬን እንደ ሌባ አንገት ጨምድዶ ያዘኝ። እርጥብ ሱፍ፣ ከሱፉ ሥር ደግሞ የዝገት ነገር። ሾፌሩ "ጋሼ፣ ወራጅ አልነበሩም እንዴ?" እስኪለኝ ድረስ የምወርድበትን አልፌ ሄጄ ነበር። ወርጄ በዝናቡ ወደ ኋላ ስመለስም በአስፋልቱ የሄደው እግሬ ብቻ ነው፤ ሌላው አካሌ ወደ ድሮው አምቦ ገብቶ ቀርቷል።

ያኔ ከተማው የጋሪና የብስክሌት ነበር። ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ፣ ከካሴት ቤቱ ጎን፣ እኔ ብስክሌት እጠግናለሁ። የካሴት ቤቱ ባለቤት ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ካሴት ብቻ ነበር የሚያጫውተው፤ ክሩ ከመለጠጡ የተነሣ ዘፋኟ ጠዋት ሴት ሆና ትጀምርና አሥር ሰዓት ላይ ወንድ ትሆናለች። ጎረምሳው ቴትሮን ሱሪውን ተኩሶ፣ ማበጠሪያ በኋላ ኪሱ ሰክቶ፣ ያችኑ ዘፈን እያፏጨ ሽቅብ ቁልቁል ይላል። በሃምሳ ሳንቲም ሁለት ሳምቡሳ ይበላ ነበር፤ ሳምቡሳውም የዛሬን ትራስ ያህላል፣ ማመን ያቃተው ይተወው። እኔ ደግሞ የተሰበረ ነገር መጣል የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። የብስክሌት ጎማ ሽቦ ሲሰበር አቃናዋለሁ፣ ጫፉን በድንጋይ ስዬ አሾለዋለሁ፣ በሌላው ጫፍ የኮንጎ ጫማ አቅልጬ እንደ ሽምብራ አንከባልልበታለሁ፤ የሹራብ መሥሪያ መርፌ ሆነ ማለት ነው። ከጌዶ የከብት ገበያ ቀንድ እያስመጣሁ ደግሞ ቁልፍ እቆርጣለሁ። ቁልፌ የበሬውን ጠባይ ይወርሳል እያልኩ እሸጥ ነበር፤ ተዋጊ በሬ ከሆነ ሹራቡ አልቆለፍ ይላል።

ደንበኞቼ ሁለት ሴቶች ናቸው። አዴ ሌንሴ ክር ይነክራሉ፣ እትዬ የሺ ደግሞ በመርፌዎቼ ሹራብ ትሠራለች። "አዴ" እኛ ዘንድ፣ በአማርኛም እያወራን፣ ትልቅ ሴት በክብር የምትጠራበት ነው። አዴ ሌንሴ መምህር የነበሩ ባላቸው ሞተውባቸው አንድ ልጃቸውን ገመቹን የሚያሳድጉ፣ እሑድን ከጸሎት ቤት የማይቀሩ ጴንጤ ነበሩ። እትዬ የሺ አጥር ለአጥር ጎረቤታቸው ናት፤ ማርያምን ሳትሳለም የማትውል፣ ምላሷ ከመርፌዋ የሚሾል፣ ደረጀ የሚባል ወንድ ልጅና አንዲት ትንሽ ሴት ልጅ ያሏት። በጾም አንደኛዋ ሥጋ ስትጠብስ ሌላዋ በአጥሩ ቀዳዳ "የሚሸተው ምኑ ነው፣ ሞቶ የተገኘ ነው?" ብላ ትራገማለች፤ ጾሙ ሲፈታ ግን እትዬ የሺ የምትገድፈው በአዴ ሌንሴ ቤት ነው። ልጆቻቸው ገመቹና ደረጀም አብረው ያደጉ፣ አንድ ብስክሌት በየተራ እየሰበሩ እኔን ያበሉኝ ጓደኛሞች ነበሩ።

ክሩ የሚመጣው ከሰልባጅ ነው። ቅዳሜ ገበያ ፈረንጅ ለብሶ የጣለውን ሹራብ ይገዙና ይተረትሩታል፣ በእንዶድ ያጥቡታል፣ ቱባ ቱባ አድርገው ይነክሩታል። ቢጫው ከእርድ፣ ቀዩ ከእንሶስላ ሥር፣ ቡናማው ከሽንኩርት ልጣጭ። የአምቦ ውሃ ደግሞ እንደ ሰዉ የራሱ ጠባይ አለው፤ ዛሬ የሰጠህን ቀለም ነገ አይደግምልህም። የቀለሞቹ ስም አውጪ እኔ ነበርኩ። "የጉደር ጎርፍ"፣ "የአህያ ሆድ"፣ "የርእሰ መምህር ጫማ"። አንዲት ነርስ ከባኮ ድረስ መጥታ "ለሕፃን ቆብ የአህያ ሆድ ይኖራችኋል?" ብላ በቁም ነገር ጠይቃለች። ባኮ ሹራብ ሸጠናል ስላችሁ አትናቁን፤ ባኮ እኮ ከሙቀቱ የተነሣ ዶሮ የተቀቀለ እንቁላል የምትጥልበት አገር ነው።

አዴ ሌንሴ ግን አንድ የማይቀለድበት ድስት ነበራቸው። ከቤቱ ጀርባ ተደፍቶ የሚቀመጥ፣ ጥላሸት የጠጣ ትልቅ ድስት። ከል የሚነክሩበት ነው። ሰው ሲሞትበት ነጠላውን፣ ቀሚሱን ይዞ ይመጣል። እሳቸው የግራር ቅርፊት ያፈላሉ፣ እኔ ከብስክሌት ስብርባሪ ላይ የፋቅሁትን ዝገት በውሃ ዘፍዝፌ አመጣለሁ፤ ሁለቱ ሲገናኙ ውሃው ድቅድቅ ይላል። ልብሱ ከመግባቱ በፊት "የማን ነው?" ብለው ይጠይቃሉ። የለባሹን ማለታቸው አይደለም፤ የሟቹን ነው። ሐዘንተኛው የሟቹን ስም በድስቱ ላይ ይጠራል፣ ያን ጊዜ ይነከራል። ሟች የሌለው ልብስ እዚያ ድስት ገብቶ አያውቅም። አንድ ጎረምሳ ጂንሱ ነጥቶበት "ጥቁር ያድርጉልኝ" ብሎ ቢመጣ በማማሰያው እያባረሩ አስፋልት አሻግረውታል።

"አዴ፣ እናንተ እንዲህ ያለውን ነገር አታምኑም አይደል?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"እኔ አላምንም" አሉኝ። "ድስቱ ያምን እንደሆነ ግን በምን አውቃለሁ?"

ገመቹ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲገባ ሁለቱ ሴቶች ሹራብ ሠሩለት። ከሰልባጅ የተተረተረውን ሰማያዊ ሱፍ አዴ ሌንሴ እርድ ውስጥ ቢነክሩት አንድ አረንጓዴ ወጣ፣ እኔ እንኳ ስም ያጣሁለት። ከጎመን ይለመልማል፣ ከበቀቀን ይጮኻል። ልጁ ደግሞ በር በገባ ቁጥር ግንባሩን የሚመታ ረጅም ስለሆነ፣ ከጉደር ድልድይ ላይ ሆኖ አምቦ የቆመውን ገመቹን መለየት ይቻል ነበር። ስንቱ "እንደሱ ያለ ይሠራልኝ" ብሎ ለመነ፤ አዴ ሌንሴ ደጋግመው ሞከሩ፣ ቀለሙ ተመልሶ አልመጣም። "እንደ ልጁ ነው፣ አንድ ብቻ" እያሉ ይኮሩበት ነበር።

ከዚያ ያ ግርግር መጣ። የትኛው ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ለአምቦ ግርግር ብርቋ አይደለም። ተማሪው ወጣ፣ ድንጋይ ተወረወረ፣ ጥይት ተተኮሰ፣ ሱቁ ሁሉ ተከረቸመ፣ ያ ካሴት እንኳ አፉን ዘጋ። በማግሥቱ ማለዳ ከፒካፕ የወረዱ ሰዎች በየበሩ እየቆሙ መጠየቅ ጀመሩ። ስም አይጠሩም፤ ስሙን አያውቁትም። "ያ አረንጓዴ ሹራብ የለበሰው ረጅሙ ልጅ የት ነው?" ነው የሚሉት። ረጅሙ ልጅ በዚያች ሰዓት ከሱቄ ጓዳ፣ ከጎማ ክምር ጀርባ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። በቆሎ ሊጭን ባዶውን ወደ ባኮ የሚሄድ የጭነት መኪና ነበር፤ ሾፌሩ ወዳጄ ነው፣ ከምሳ በኋላ ሊወስደው እሺ አለ። "ልጁን እጭናለሁ" አለኝ፤ "ሹራቡን ግን አልጭንም። እሱ ራሱ ነው የሚጮኸው።"

ሹራቡን ዘንቢል ውስጥ ከትቼ፣ ከላይ አሮጌ ፍሬን ደርቤበት አዴ ሌንሴ ዘንድ ሄድኩ።

"ላቃጥለው አዴ።"

"ሱፍ ሲቃጠል ሽታው ጉደር ይደርሳል። ደግሞ መንገድ ላይ የጌዶን ብርድ በምን ሊያልፈው ነው? በዚያች ሸሚዝ?"

"እንግዲያው በርእሰ መምህር ጫማ ይንከሩታ!"

"ቡናማ ይህን አይሸፍነውም፣ እንዲያውም ያሳብቅበታል" አሉና ወደ ተደፋው ድስት ዞሩ። ሲዞሩ እኔም ገባኝ። ያንን አረንጓዴ የሚውጥ ቀለም አንድ ብቻ ነው።

ድስቱን ራሳቸው አነሡት። ቅርፊቱ ፈላ፣ ዝገቱን ጨመርኩ፣ ውሃው ጠቆረ። ሹራቡን በሁለት እጃቸው ይዘው ከድስቱ በላይ ቆሙ። "የማን ነው?" ብሎ የጠየቃቸው የለም፤ ነገር ግን ያ ድስት ራሱ የሚጠብቅ ይመስል ነበር። እኔ በአባቴ ቀብር ላይ እንኳ ቀልጄ የተገሰጽኩ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን ጎንበስ ብዬ እሳቱን መቆስቆስ ያዝኩ። "የአባቱ ነው" አሉ በመጨረሻ። ከዚያ በኦሮምኛ፣ ደጅ የቆመ ሰው የሚያነጋግሩ ያህል፣ ለሞቱት ባላቸው ተናገሩ፦ "ላንተ ጥቁር አልለበስኩም፣ ጸሎት ቤቱ አይሆንም ስላለኝ። ይኸው ዘግይቶ መጣልህ፣ ተቀበለኝ። ልጁን ግን እንዳትጠራብኝ።" ሹራቡም ገባ። እሳቸው እያማሰሉ እንባቸው ይወርዳል።

ይህን ጊዜ ነው ጎመን ልትቀነጥስ ጓሮ የወጣች አንዲት ጎረቤት በአጥሩ ያየችን። ምን አየች? አዴ ሌንሴ በከል ድስት ላይ ጎንበስ ብለው ሲያለቅሱ፣ ከጥቁሩ ውሃ ደግሞ ከተማው ሁሉ የሚያውቀው አረንጓዴ እጅጌ ብቅ ሲል። በእኛ አገር ይህን አይቶ ሁለት ነገር የሚያስብ ሰው የለም። "ኡኡኡ! ገመቹን!" አለች፣ ጎመኑን ጥላ። ከመንደሩ ዳር እስከ ዳር ኡኡታው ተቀባበለ። ሬሳውስ ብሎ የጠየቀ የለም፤ ያን ሰሞን ሬሳ መጠየቅ ራሱ ያስጠይቅ ነበር። ውሃው ፈልቶ ሳይበርድ ግቢው በሰው ሞላ።

"ሺፌ፣ ምን ልበላቸው?" አሉኝ አዴ ሌንሴ በጆሮዬ።

"ምንም አይበሉ።"

ምንም አላሉም። አንድም ሰው አልዋሹም። ሰዉ ግን ወደ እኔ ዞረ፤ "ሺፌ፣ እውነት ነው?" እያለ። እንግዲህ ፍረዱ። እኔ በዚያ ከተማ የታወቅሁት የጉደርን ወንዝ በብስክሌት ሳልረጥብ ተሻገርኩ በማለት ነው። "ሞቷል" ብል፣ "ተመስገን፣ ልጁ ተርፏል" ብሎ ለቅሶው ይበተን ነበር። ስለዚህ ዝም አልኩ። ሺፈራው ዝም አለ ተባለ፤ ከዚያ ወዲያ የተጠራጠረ የለም። ፒካፑም መጣ፣ በበሩ ላይ ቀዝቀዝ አለ፣ የውስጡ ሰዎች የሚለቀስለት ያ ረጅሙ ልጅ መሆኑን ሰምተው አልፈው ሄዱ። ስለ አረንጓዴ ሹራብ የጠየቀ ሰው ከዚያ በኋላ አልሰማሁም። እኔ ሹራቡን ጨምቄ ዘንቢሌ ውስጥ ከትቼ በጓሮ ወጣሁ። ገመቹ ገና ውሃው የሚንጠባጠብ ጥቁር ሹራብ ለብሶ፣ ከባዶ ጆንያ ሥር ተኝቶ፣ በእናቱ ግቢ የሚለቀስለትን የራሱን ለቅሶ ከሩቅ እየሰማ ከአምቦ ወጣ።

በዚያ ለቅሶ እንደ እትዬ የሺ ያዘነ የለም። "ልጄን! ልጄን!" እያለች ደረቷን ስትደቃ ሴቶቹ ቢይዟት አልቻሏትም። አዴ ሌንሴ ራሳቸውም ከል ለብሰው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ የጎረቤታቸው እንባ እንደ ፍም እየፈጃቸው ይቀበላሉ። ፓስተሩም መጡ። "አዴ ሌንሴ" አሉ በለሰለሰ ድምፅ፣ "ይህን ጥቁር ነገር ይተዉት። እኛ እኮ ተስፋ እንደሌላቸው አናዝንም። ተስፋ አለን።"

"አለኝ ፓስተር" አሉ አዴ ሌንሴ። "ከእርስዎም ይበልጥ አለኝ።"

ሳቄን ለማፈን ሮጬ ደጅ ወጣሁ። ደጅ ስደርስ ሳቁ አልነበረም።

ዓመት አለፈ፣ ሌላም ዓመት። ከገመቹ ወሬ የለም። ሾፌሩ ባኮ አውርጄዋለሁ ከማለት ሌላ አያውቅም። ዘመዶቻቸው እንደ ወጉ ከሉን ሊያስወልቋቸው ቢመጡ አዴ ሌንሴ እምቢ አሉ። "ባወልቀው ልጄን ቀብሬ ጨረስኩ ማለቴ ነው" አሉኝ ሱቄ መጥተው። "በየጠዋቱ ስለብሰው ደግሞ ሞቷል ማለቴ ነው። ሺፌ፣ ያ ድስት ውሸቴን እውነት አድርጎብኝ ቢሆንስ?" እንዲህ ያለ ጥያቄ ለብስክሌት ጠጋኝ አይቀርብም። "ድስት ምን ያውቃል አዴ" ብዬ ጎማ መንፋት ጀመርኩ፤ የነፋሁት ጎማ ቀድሞም የተነፋ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያልደረሱበት ለቅሶ የለም። የማያውቁት ሰው ሲሞት እንኳ ፊት ቀድመው ይቀመጣሉ። ለቅሶ ብድር ነው፣ እኔ ያለ ሟች ተበድሬያለሁ ይሉኛል። በገላቸው ላይ ከል፣ በጣታቸው ላይ የእርድ ቢጫ ይዘው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሰው ሕፃናት ቆብ የሚሆን ክር ይሸጣሉ። የሕፃን ክር ከሐዘንተኛ እጅ አልገዛም የሚሉም ነበሩ፤ ያን ጊዜ እትዬ የሺ በዚያ ምላሷ ታባርራቸዋለች። የእሷም ፊት ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ተጨራምቶ ቀርቷል። ልጇ ደረጀ በዚያው ሰሞን ለሥራ መተሐራ ሄዷል፤ ዘንግቷት ቀርቷል እንላለን፣ እሷም የምትለን ይህንኑ ነው።

ባጃጁ መጣ፣ ቻይና የተሠራ ሹራብ በአናት በአናቱ መጣ፣ ካሴት ቤቱ ፈርሶ የሞባይል መሸጫ ሆነ፣ እኔም ስልክ ያዝኩ። አንድ ቀን የማላውቀው ቁጥር ጠራ። "ጋሽ ሺፌ" አለኝ ጎርናና ድምፅ፣ "አሁንም የምትጠግነው ብስክሌት ይሰበራል?" ገመቹ ነው። ከሞያሌ ማዶ ነው፤ መኪና ይነዳል፣ ሚስት አለው፤ እስከዚያች ቀን የፈራው ደውሎ በእኛ ላይ ጣጣ እንዳያመጣ ነው። ስልኩን እንደ እሳት ጨብጬ ሮጥኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ ሁለት ባጃጅ ቀድሜያለሁ፣ ይህኛው እውነት ነው። አዴ ሌንሴ ድምፁን ሰሙ፣ ግድግዳውን ይዘው ቁጭ አሉ። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ መጀመሪያ የጠየቁትን ታውቃላችሁ? "በልተሃል?"

ሲረጋጉ "እሑድ አወልቃለሁ" አሉ። "ከዚያ በፊት ግን የሺን መንገር አለብኝ። እንባዋን አታልዬ ወስጃለሁ።" አብሬያቸው ሄድኩ። እትዬ የሺ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ የሕፃን ቆብ ትሠራለች። አዴ ሌንሴ ሁሉንም ነገሯት፤ ሹራቡን፣ መኪናውን፣ ዛሬ የሰሙትን ድምፅ። መርፌዋን አላቆመችም።

"አውቃለሁ" አለች።

"ከመቼ?"

"ከዚያው ቀን። ይህ ወሬኛ በጓሮ ሲወጣ ዘንቢሉ ጥቁር ውሃ ያንጠባጥብ ነበር። የሞተ ሰው ሹራብ አይላክለትም።"

"ታዲያ ያ ሁሉ ለቅሶሽ የሺ? ደረትሽን እኮ አቆሰልሽው!"

ያን ጊዜ መርፌዋ ቆመ። "ደረጀ መተሐራ አልሄደም፣ ሌንሴ" አለች። "በግርግሩ ቀን ነው የተገደለው። ያየ ሰው ማታውኑ መጥቶ ነገረኝ፤ ድምፅሽ ከተሰማ ልጅቷንም ይወስዷታል አለኝ። ትራስ ነክሼ አደርኩ። ጠዋት ካንቺ ግቢ ኡኡታ ሰማሁ። የምጮህበት ቤት ተከፈተልኝ አልኩ። ገብቼ የኔን አለቀስኩ። 'ልጄን' ስል የማን ብሎ የሚጠይቀኝ የለም።"

አዴ ሌንሴ ከጎኗ መሬቱ ላይ ተቀመጡ።

"እኔ እስከ ዛሬ በነጭ ነጠላ ነው ያዘንኩት" አለች እትዬ የሺ፣ ቀሚሷን እያራገፈች። "አንቺ አውልቂው እህቴ። ደስ ይበልሽ፣ ይገባሻል።"

እሑድ ሆነ። አዴ ሌንሴ ጸሎት ቤት የገቡት በጥቁሩ ነው። የሚቀጥለውም እሑድ እንዲሁ። ገመቹ ሁለተኛ ሲደውል ሦስታችንም እትዬ የሺ ቤት ነበርን፤ ስልኩን ድምፁ ለሁላችን እንዲሰማ አድርጌ በርጩማ ላይ አኖርኩት። ከሁሉ በፊት የጠየቀው ጓደኛውን ነው።

"እትዬ የሺ፣ ደረጀስ እንዴት ነው?"

እትዬ የሺ እኛን አየችን። "መተሐራ ነው ልጄ" አለች። "ሥራ በዝቶበት ነው።"

"ሰላም በሉልኝ። እማዬ፣ ጋሽ ሺፌ ስለ ከሉ ነግሮኛል፤ ለኔ ብለሽ ይህን ሁሉ ዓመት! አሁንስ አወለቅሽው?"

አዴ ሌንሴ ከራሳቸው እስከ እግራቸው ጥቁር ለብሰው የእትዬ የሺን እጅ ጉልበታቸው ላይ ይዘው ነበር።

"ያንተንማ አውልቄያለሁ፣ ልጄ" አሉት።